የትኛውን የክላውድ አገልግሎት ሞዴል እንምረጥ? ለድርጅት ውሳኔ የሚረዱ ነጥቦች

መግቢያ

ስለ ክላውድ ኮምፒዩቲንግ ስንማር ሦስቱን የአገልግሎት ሞዴሎች በቃላችን እንይዛለን፤ ለፈተናም ትርጉማቸውን ጽፈን እናልፋለን። ይሁን እንጂ አንድ የድርጅት ባለቤት መጥቶ «ለእኔ ሥራ የሚሻለው የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ትርጉሙን መድገም መልስ አይሆነውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው በወር ስንት እንደሚያወጣ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግንለት፣ ዳታው ቢጠፋ ደግሞ ማንን እንደሚይዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚያስፈልጉትን ነጥቦች ማቅረብ ነው።

በእኔ አመለካከት ሞዴል መምረጥ ማለት የትኛውን ሥራ ለሌላ አስተላልፈን የትኛውን በእጃችን እንደምናስቀር መወሰን ነው። ሥራው ይተላለፋል፤ ኃላፊነቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይተላለፍም። ይህንን ያልተረዳ ድርጅት የትኛውንም ሞዴል ቢመርጥ ሊከስር ይችላል።

1. ሦስቱ ሞዴሎች በአጭሩ

ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናገኘው አከፋፈል የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ካወጣው ትርጓሜ የተወሰደ ነው። አገልግሎቶቹ ግን ከትርጓሜው ይቀድማሉ። ሴልስፎርስ ሶፍትዌርን በኢንተርኔት ማከራየት ይዞ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ አማዞን የዳታ ማከማቻውንና የሰርቨር ኪራዩን በ2006፣ ጉግል ደግሞ አፕ ኤንጂንን በ2008 ጀምረዋል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ሠርግ ያለበትን ቤተሰብ እናስብ። በራሱ ግቢ ድንኳን ጥሎ፣ ዕቃ ተውሶ፣ ወጥ ሠሪ ጠርቶ ሊደግስ ይችላል። ይህ ሰርቨሩን ገዝቶ በቢሮው እንደሚያስቀምጥ ድርጅት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሦስት አማራጮች አሉት።

የመጀመሪያው ባዶ አዳራሽ መከራየት ነው። ጣሪያው፣ መብራቱና ውሃው የባለቤቱ ነው፤ ዕቃው፣ ወጥ ሠሪውና አስተናጋጁ ግን የደጋሹ ናቸው። ይህ የመሠረተ ልማት አገልግሎት፣ በተለምዶ አያስ የሚባለው ነው። አቅራቢው ሕንጻውን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ማሽኑንና ኔትወርኩን ይይዛል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መጫንና ማደስ፣ ዳታቤዙን ማስተዳደርና መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የእኛ ሥራ ነው።

ሁለተኛው አዳራሹን ከነወጥ ቤቱ፣ ከነዕቃውና ከነአስተናጋጁ ተከራይቶ የራስን ወጥ ሠሪና አስቤዛ ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ይህ የመድረክ አገልግሎት ወይም ፓስ ነው። ፕሮግራመሩ ኮዱን ይጭናል፤ ከሥር ያለውን ሰርቨር ማደስና ማስፋት የአቅራቢው ፋንታ ነው።

ሦስተኛው በእንግዳ ቁጥር ከፍሎ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ይህ የሶፍትዌር አገልግሎት ወይም ሳስ ነው። ጂሜይልን፣ ማይክሮሶፍት 365ን ወይም በወር ክፍያ የምንጠቀምበትን የሒሳብ ሶፍትዌር መጥቀስ ይቻላል። እኛ የምንይዘው የተጠቃሚዎቻችንን አካውንት፣ የፈቃድ ደረጃቸውንና ዳታችንን ነው።

ታዲያ በአራቱም መንገድ ጥሪውን የሚበትነው ደጋሹ ነው። ወጡ ቢጎድል የሚያፍረውም የአዳራሹ ባለቤት ሳይሆን ደጋሹ ነው። በክላውድም እንደዚሁ ነው።

2. ከሦስቱም ሞዴሎች የምንማርባቸው ጉዳዮች

ሀ. ኮድ ስፔስስ (አያስ)። ይህ ድርጅት የፕሮግራመሮችን ኮድ በአማዞን ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 አንድ አጥቂ የድርጅቱን የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጽ ሰብሮ ገባና ገንዘብ ጠየቀ። ድርጅቱ አካውንቱን ለማስመለስ ሲሞክር ሰውየው ሰርቨሮቹን፣ ዲስኮቹንና መጠባበቂያ ቅጂዎቹን መሰረዝ ጀመረ። በ12 ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ዳታ ስለጠፋ ድርጅቱ ሥራውን ለማቆም ተገደደ። እዚህ ላይ አማዞን ቃሉን አላጎደለም፤ ማሽኖቹ ይሠሩ ነበር። ችግሩ ዋናው ዳታም ሆነ ቅጂው በአንድ ቁልፍ ሥር መሆኑ ነበር። አንዱን በር የከፈተ ሌባ ጎተራውንም የዘር እህሉንም አገኘ ማለት ነው።

ለ. ፓርስ (ፓስ)። ፓርስ የሞባይል አፕሊኬሽን ለሚሠሩ ሰዎች ዳታቤዙን፣ የተጠቃሚ መግቢያውንና የማሳወቂያ መልእክቱን አዘጋጅቶ የሚያቀርብ መድረክ ነበር። ፌስቡክ በ2013 ገዛው፤ በጃንዋሪ 2016 ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚዘጋ አስታወቀ። አፕሊኬሽናቸውን ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ የገነቡ ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ መሸጋገር ነበረባቸው። ደግነቱ ኩባንያው ማዛወሪያ መሣሪያ ሰጠ፤ ሰርቨሩንም በክፍት ኮድ ለቀቀ። ሌላው አቅራቢ ግን እንዲህ ላያደርግ ይችላል። ፓስ የፕሮግራመርን ጊዜ በጣም ይቆጥባል፤ ዋጋው ግን በአቅራቢው ቋንቋ መናገር መልመድ ነው። በኋላ ልውጣ ሲባል ኮዱን እንደገና መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሐ. አትላሲያን (ሳስ)። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 በራሱ በአቅራቢው ሠራተኞች የተካሄደ የጥገና ሥራ በስህተት የደንበኞችን ገጾች ሰረዘ። 775 ያህል ደንበኞች ጂራንና ኮንፍሉዌንስን የመሳሰሉ የሥራ መሣሪያዎቻቸውን አጡ። አንዳንዶቹ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይተዋል። አቅራቢው መጠባበቂያ ስለነበረው ዳታው ተመለሰ። ደንበኞቹ ግን በእነዚያ ቀናት ከመጠበቅ በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም። የሳስ ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ሲበላሽ የምትጠግነው አንተ አይደለህም፣ ልጠግን ብትልም አትችልም።

ከሦስቱ የምንረዳው የአደጋው ዓይነት ከሞዴሉ ጋር አብሮ እንደሚቀያየር ነው። በአያስ የሚያሰጋን የራሳችን አያያዝ ሲሆን፣ በፓስ መውጫ ማጣት፣ በሳስ ደግሞ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው። አደጋ የሌለበት ሞዴል ግን የለም።

3. ወደ አገራችን ስንመጣ

የውጭ አገር መጻሕፍት በዝርዝር የማያነሷቸው ሦስት ጉዳዮች ለእኛ ወሳኝ ናቸው።

አንደኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። አብዛኞቹ ታላላቅ አቅራቢዎች የሚያስከፍሉት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለስሌት እንዲመቸን 20 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በነፍስ ወከፍ በወር 6 ዶላር የሚከፈልበት ሳስ ይጠቀማል እንበል። በወር 120 ዶላር ማለት ነው። በ57 ብር ሲሰላ 6,840 ብር የነበረው፣ በ100 ብር 12,000 ብር ይሆናል። አቅራቢው ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ወጪው በ75 በመቶ አደገ። ስለሆነም በብር የሚያስከፍል የአገር ውስጥ አቅራቢ ካለ ከውጭዎቹ ጋር መወዳደር ይገባዋል። ክፍያ በምን እንደሚፈጸም ሳይጣራም ውል መፈረም የለበትም። ክፍያው ካልደረሰ አገልግሎቱ ይቆማልና።

ሁለተኛው ግንኙነት ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። ሽያጩን ሙሉ በሙሉ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የሚመዘግብ ሱቅ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይሸጣል? ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ ግንኙነቱ ሲመለስ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር መምረጥ፣ ወይም ለዕለት ሥራ የሚሆነውን ዳታ በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ማስቀረት ብልህነት ነው።

ሦስተኛው ሕግ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ መያዝ የሕግ ግዴታ አስከትሏል። መረጃን ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍም በአዋጁ ይገዛል። የሆስፒታል ካርድ ወይም የተማሪ ማኅደር የሚይዝ ድርጅት ሰርቨሩ የት አገር እንደሚገኝ ሳይጠይቅ መወሰን አይኖርበትም።

4. እንዴት እንወስን?

ከላይ ያየነውን በአራት ጥያቄዎች መጠቅለል ይቻላል። ሥራው የእኛ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ድርጅት የሚሠራው? ሌሊት ቢበላሽ የሚነሳ ባለሙያ አለን? መውጣት ብንፈልግ ዳታችንን በምን መልክ ይዘን እንወጣለን? የክፍያውና የግንኙነቱ ነገር አስተማማኝ ነው?

ለምሳሌ 15 ሠራተኞች ያሉትን አስመጪ እንውሰድ። ኢሜይልና ሒሳብ የትኛውም ነጋዴ የሚሠራው ነገር ነው፤ የኮምፒዩተር ባለሙያም የለውም። ለእሱ ሳስ ይሻለዋል። ሰርቨር ተከራይቶ ኢሜይል ላስተዳድር ቢል የሚያተርፈው ራስ ምታት ነው። ነገር ግን የሒሳብ ዳታውን በየወሩ በኤክሴል አውርዶ ማስቀመጥ አለበት።

ሦስት ፕሮግራመሮች ሆነው የዕቃ ማድረሻ አፕሊኬሽን የሚሠሩ ወጣቶችስ? ሥራቸው የራሳቸው ፈጠራ ስለሆነ ሳስ አይበቃቸውም፤ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የላቸውም። ፓስ ይስማማቸዋል፤ ዳታቤዛቸው በሌላም ቦታ የሚሠራ የታወቀ ዓይነት፣ እንደ ፖስትግሬስ ያለ፣ እስከሆነ ድረስ።

የራሱ ባለሙያዎች ያሉትና ለየት ያለ ሲስተም የሚያስኬድ የገንዘብ ተቋም ግን ወደ አያስ ወይም ወደ ራሱ ማሽን ያዘነብላል። አንድ ድርጅት ሦስቱንም ጎን ለጎን ሊጠቀም እንደሚችል መርሳት አይገባም።

ምርጫው ዘላለማዊም አይደለም። ድሮፕቦክስ ለዓመታት የደንበኞቹን ፋይል በአማዞን ላይ ሲያስቀምጥ ቆይቶ ሲያድግ አብዛኛውን ወደ ራሱ ማሽኖች አዛወረ። ኩባንያው በ2018 ለአክሲዮን ገበያ ባቀረበው ሰነድ መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ ቀንሷል። ሲጀምር አያስን መምረጡ ትክክል ነበር፤ ሲያድግ መውጣቱም ትክክል ነበር። ለመውጣት የቻለው ግን ሥራውን የሚችሉ ባለሙያዎች ስለነበሩት ነው።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ፣ ጥሩ ሞዴል ማለት ካለን ባለሙያ፣ ካለን ገንዘብና ከምንሠራው ሥራ ጋር የሚሄድ ነው። የትኛውም ቢመረጥ ግን ሁለት ነገሮች ከእጃችን መውጣት የለባቸውም፤ እነሱም በሌላ ቁልፍ የተቀመጠ የዳታችን ቅጂና ቁልፉን ማን እንደያዘ ማወቅ ናቸው። ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀጠር «ክላውድ ላይ ስለሆነ አይጠፋም» የሚል አለቃ ሊያጋጥመን ይችላል። የዚያን ጊዜ የኮድ ስፔስስን ታሪክ በትሕትና እናውጋው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ ድርጅት ውሰዱ። ከሚሠራቸው ሥራዎች የትኞቹ ለሳስ ይመቻሉ? የትኞቹ አይመቹም?

2. ኮድ ስፔስስ ቅጂውን በሌላ አካውንት ወይም በሌላ አቅራቢ ዘንድ ቢያስቀምጥ ኖሮ ወጪው ምን ያህል ይጨምር ነበር? ወጪው ተገቢ ነበር ትላላችሁ?

3. ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ቢቋረጥ የትምህርት ክፍላችን የውጤት መዝገብ እንዴት ይሠራል?