ያልታየውን ስለ መቍጠር፤ በቶኪዮ ከተደረገው የሴቶች የብስክሌት እሽቅድምድም የሚገኝ ትምህርት

እረኛ ማታ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ በደጃፉ ቆሞ ይቈጥራል። በዐይኑ ፊት ያለው ከብት ብዙ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉ ገብቷል ብሎ በረቱን የዘጋ እንደ ሆነ፥ በገደል ሥር የቀረችው ጥጃ የጅብ ራት ትሆናለች። ስለዚህ ቍጥር የሚጠቅመው የሚታየውን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የማይታየውንና የጐደለውን ለማወቅ ነው። ይህን ነገር ለተማሪ በቃል ብቻ ቢነግሩት ቶሎ ይረሳዋል፤ በምሳሌ ቢያሳዩት ግን በልቡ ይቀራል። እሑድ ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 25 ቀን 2021 ዓ.ም.፥ በጃፓን አገር የተደረገው የሴቶች የብስክሌት እሽቅድምድም ለዚህ የተመቸ ምሳሌ ነው።

ስለ ውድድሩ ታሪክ።

ኦሎምፒክ የሚባለው ጨዋታ የዓለም አገሮች በየ4 ዓመቱ የተመረጡትን ልጆቻቸውን ልከው በሩጫ፥ በዋና፥ በትግልና በሌላውም ሁሉ የሚፈታተኑበት ነው። በዚህ ጨዋታ ወንዶች በመንገድ ላይ በብስክሌት መሽቀዳደም የጀመሩት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. በአቴና ከተማ ነበር። ለሴቶች ግን ይህ ዕድል የተሰጣቸው በዚሁ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው፤ ማለት 88 ዓመት ሙሉ በደጅ ቆዩ። ከኦሎምፒክ የተለየው የዓለም ሻምፒዮና እንኳ ለሴቶች የተከፈተው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያ ጊዜ በፈረንሳይ አገር በሬምስ በመንገድ ላይ ተሽቀዳድማ ያሸነፈችው የሉክሰምበርግ ተወላጅ ኤልሲ ያኮብስ ነበረች።

የቶኪዮው ኦሎምፒክ በ2020 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ኮሮና በተባለው ተላላፊ በሽታ ምክንያት አንድ ዓመት ዘገየ። የሴቶቹ መንገድ ከቶኪዮ ከተማ ተነሥቶ፥ በፉጂ ተራራ አጠገብ እስካለው የአውቶሞቢል መሽቀዳደሚያ ስፍራ ድረስ 137 ኪሎ ሜትር ነበር። በመንገዱም ያለው ዳገት ሁሉ ቢደመር ከ2,600 ሜትር ይበልጣል። በዚህ መንገድ ላይ 67 ሴቶች ተሰለፉ።

ስለ ነፋስና ስለ ጭፍራ።

የሆነውን ነገር ለማስተዋል አስቀድሞ የዚህን እሽቅድምድም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ ፈጥኖ ለሚሄድ ብስክሌት ነጂ ከሁሉ የሚበልጥ ጠላቱ ነፋስ ነው። አየሩ ጸጥ ያለ ቢሆንም እንኳ፥ ፈጥኖ የሚሄድ ሰው አየሩን በደረቱ እየሰነጠቀ ስለሚያልፍ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገፋዋል። በሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ግን ፊተኛው መከታ ስለሚሆንለት ከድካሙ ሢሶ ያህል ይቀነስለታል። ስለዚህ ብዙዎች በአንድነት ጭፍራ ሆነው፥ ፊቱን እየተፈራረቁ እየያዙ ይጓዛሉ። ብቻውን የወጣ ሰው ግን ነፋሱን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል።

ከዚህም የተነሣ፥ ጥቂቶች ቀድመው ቢያመልጡ ጭፍራው ወዲያው አይከተላቸውም፤ ሲደክሙ እንደርስባቸዋለን ብሎ ይታገሣል። ይህ አሳብ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል። እውነት የሚሆነው ግን ያመለጡት ስንት እንደ ሆኑ ለማይረሳ ሰው ነው።

ስለ አና ኪዘንሆፈር።

አና ኪዘንሆፈር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. በኦስትሪያ አገር ተወለደች። የሒሳብን ትምህርት በቪየና፥ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ተማረች፤ በ2016 ዓ.ም. በስፔን አገር በባርሴሎና ከተማ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ በስዊስ አገር በሎዛን ባለው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሒሳብ እየመረመረች ተማሪዎችንም ታስተምር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከአንድ የታወቀ የብስክሌት ቡድን ገብታ ነበር፤ ነገር ግን አልቈየችም። ወደ ቶኪዮ በሄደች ጊዜ ደመወዝ የሚከፍላት ቡድንም አሠልጣኝም አልነበራትም። የልምምዷን ሰዓት፥ የምግቧን ልክ፥ የጕዞዋን ፍጥነት ራሷ ታሰላ ነበር። በሴቶቹ እሽቅድምድም ከኦስትሪያ ወገን የቆመች እርስዋ ብቻ ነበረች።

ሆላንዶች ግን 4 ሴቶች አሰለፉ። አራቱም ስማቸው በዓለም የታወቀ ነበረ፤ ከእነርሱም አንዲቱ አነሚክ ቫን ቭሉተን ነበረች። ውድድሩን የሚመለከት ሰው ሁሉ ድሉ ከእነዚህ ከአራቱ ለአንዲቱ ይሆናል ብሎ ይጠብቅ ነበር።

እሽቅድምድሙ እንዴት እንደ ሆነ።

መሽቀዳደሙ እንደ ተጀመረ፥ ኪዘንሆፈር ወዲያው ወደ ፊት ተወርውራ ወጣች። ከእርስዋም ጋር ካርላ ኦበርሆልዘር ከደቡብ አፍሪካ፥ ቬራ ሎዘር ከናሚቢያ፥ ኦመር ሻፒራ ከእስራኤል፥ አና ፕሊክታ ከፖላንድ ወጥተው 5 ሆኑ። በጭፍራው የቀሩት እነዚህን አምስቱን እንደ ቁም ነገር አልቈጠሯቸውም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ10 ደቂቃ በላይ እስኪሆን ድረስ ተዉአቸው።

ዳገቱ እየበረታ በሄደ ጊዜ በመጀመሪያ የደቡብ አፍሪካዪቱና የናሚቢያዪቱ ደክመው ወደ ኋላ ቀሩ። ለመጨረሻው መስመር 41 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፥ ኪዘንሆፈር የቀሩትን ሁለቱን ጓደኞቿን በዳገት ላይ ጥላ ብቻዋን ሄደች።

ከኋላ ያሉትም በዚህ ጊዜ በብርቱ መከተል ጀመሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር ፕሊክታንና ሻፒራን በፊታቸው አዩአቸው፤ ደረሱባቸው፥ አለፏቸውም። ከዚህ በኋላ የሆላንዶቹ ልብ ዐረፈ፤ ያመለጡት ሁሉ የተያዙ መስሏቸዋልና። ቫን ቭሉተንም ከጭፍራው ተለይታ ወደ ድሉ ገሠገሠች።

ነገር ግን ኪዘንሆፈር በ3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ከመጨረሻው መስመር ደርሳ፥ ከድካሟና ከደስታዋ ብዛት የተነሣ በምድር ላይ ተዘርግታ ነበር። ከእርስዋ 75 ሴኮንድ ዘግይታ ቫን ቭሉተን መጣች፤ እጆቿንም ወደ ላይ አንሥታ እንደ አሸናፊ ደስ እያላት መስመሩን አለፈች። ሁለተኛ መሆኗን ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛ የሆነችው ኢጣልያዊቱ ኤሊዛ ሎንጎ ቦርጊኒ ነበረች።

በዚህች ሴት ደስታ ማንም ሊስቅ አይገባውም። ከ5 ዓመት በፊት በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው ኦሎምፒክ ቀድማ ስትሄድ፥ በቍልቍለት ላይ ወድቃ የጀርባዋ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። በቶኪዮም በዚያው ቀን ወድቃ ተነሥታለች። ስለዚህ እጆቿን ያነሣችው የ5 ዓመት ሐዘን አለፈ ብላ ነበር። ተስፋ ግን አልቈረጠችም፤ ከ3 ቀን በኋላ፥ ሐምሌ 21 ቀን፥ እያንዳንዷ ብቻዋን ከሰዓት ጋር በምትሽቀዳደምበት ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች።

ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ።

በሌሎች ታላላቅ ውድድሮች ተሽቀዳዳሚዎች በጆሯቸው ትንሽ የራዲዮ መስሚያ አድርገው፥ አሠልጣኛቸው በመኪና እየተከተለ የሚሆነውን ሁሉ ይነግራቸዋል። በኦሎምፒክ ይህ ክልክል ነበረ። ስለዚህ እያንዳንዷ በመንገድ በሚሰጣት ጥቂት ወሬና በራሷ ትዝታ ብቻ ማስላት ነበረባት።

ስሌቱም ከባድ አልነበረም። 5 ወጡ፤ 4 ተያዙ፤ 1 ቀረች። ይህን መቀነስ ፊደል የቈጠረ ሕፃን ሁሉ ይሠራዋል። ነገር ግን በሙቀትና በድካም መካከል የሰው ልብ የሚፈራውን ይቈጥራል፥ የናቀውን ይዘነጋል። ቀድማ ያመለጠችው ስሟ የታወቀ ብትሆን ኖሮ፥ ከአንድ ሰው አፍ እንኳ ሳይወጣ አይቀርም ነበር። ስሟ ስላልታወቀ ግን ከቍጥር ወደቀች። ሆላንዶቹን የጐዳቸው የጕልበት ማነስ ሳይሆን፥ አንዲት ያልታየች ሴት ከቍጥራቸው መውደቋ ነው።

በሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሒሳብ።

መምህሩ ይህን ታሪክ ካነበበ በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሰሌዳ ጽፎ ለተማሪዎቹ ሊያቀርብ ይችላል።

መጀመሪያ፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ሴት በ1 ሴኮንድ ስንት ሜትር ትሄዳለች? መልሱ 10 ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት 75 ሴኮንድ ማለት 750 ሜትር ነው። ያለፈችውና የተቀደመችው በዚህ ልክ ይራራቁ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ አንዲት ሴት 40 ኪሎ ሜትር ሲቀራት 5 ደቂቃ ቀድማ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፥ የሚከተሏት በመስመሩ ላይ ይደርሱባት ዘንድ በስንት ፍጥነት ይሂዱ? በ5 ደቂቃ 3 ኪሎ ሜትር ትሄዳለችና፥ እርስዋ 40 በምትሄድበት ጊዜ ውስጥ እነርሱ 43 ኪሎ ሜትር መሄድ አለባቸው። መልሱም በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ከ700 ሜትር ነው። የሚጨምሩት ፍጥነት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በፊታቸው ሰው መኖሩን ላላወቁት ጥቂቱም አይገኝም።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች።

ኪዘንሆፈር ከድሏ በኋላ ስትናገር፥ ወጣቶች እኔ ዐውቃለሁ የሚለውን ሁሉ አብዝተው እንዳይታመኑ መክራለች። ይህ ቃል በመምህር ጆሮ መራራ ሊሆን ይችላል። ነገሩን ለመረመረው ግን ትምህርትን የሚያፈርስ አይደለም፤ እርስዋ ራሷ በትምህርት ቤት ብዙ ዘመን የኖረች አስተማሪ ነበረችና። ትርጓሜው፥ ተማሪ የተነገረውን ተቀብሎ ብቻ አይቀመጥ፤ ራሱ ቈጥሮ ይመርምር ማለት ነው። በሰሌዳ ላይ የተሳሳተውን ድምር ተማሪው ቢያርምለት፥ መምህሩ ማፈር ሳይሆን ደስ ሊለው ይገባል፤ የዘራው በቅሏልና።

ለሽማግሌዎችም የሚሆን ቁም ነገር ከዚህ ይገኛል። በመንደሩ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስንት ናቸው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ በደጅ የሚጫወቱትን ወንዶች ብቻ ቈጥሮ የሚመልስ ሰው ስሕተቱ ከሆላንዶቹ ስሕተት አንድ ነው። ውሃ ልትቀዳ የወረደችው፥ በጓዳ ከእናቷ ጋር የምትፈጨው፥ ሕፃን አዝላ የምታባብለው ልጅ በዐይን ፊት የለችም፤ ስለዚህ ከቍጥር ትወድቃለች። ለቍጥር የተፈጠረ አእምሮ ግን በየትኛዋ እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከኦስትሪያ የመጣችውን የሒሳብ መምህርት መስመሩን ሳታልፍ በፊት ማንም እንዳላወቃት፥ በብዙ ቤትም ገና ያልታወቀች ልጅ አለች።

እንግዲህ ጥሩ እረኛ በረቱን ከመዝጋቱ በፊት ምን ያህል እንደ ገባ ብቻ አይጠይቅም፤ ጧት ስንት እንደ ወጣ ያስታውሳል፥ የጐደለችውንም ወደ ገደሉ ወርዶ ይፈልጋል።