በመርሳት በሽታ የተያዘ ወላጅ ሌላ ብርቱ ሕመም ሲጨመርበት

ወላጅን መጦር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በአምበርና በአካባቢዋም ሽማግሌ አባትና አሮጊት እናት የሚጦሩት በልጆቻቸው ቤት ነው። ስለዚህ የመርሳት በሽታ ጸንቶባቸው ልጆቻቸውን ለይተው የማያውቁ፥ መናገርና መራመድም የተሳናቸው ወላጆች ሌላ ሕመም ሲጨመርባቸው፥ ምልክቱን ከሐኪም አስቀድሞ የሚያየው አስታማሚው ልጅ ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን አስታማሚው ሊያውቀው የሚገባውን በአጭሩ እንገልጻለን።

የሕመሙ ምክንያት

ሕዝቡ «ጃጁ» ብሎ የሚያልፈው ነገር የእርጅና ጠባይ ብቻ ሳይሆን አንጎልን እያደር የሚጎዳ በሽታ ነው። ከዓይነቶቹ ዋነኛው፥ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ ስለ ገለጠው፥ በእርሱ ስም ይጠራል። በሽታው ሲጸና መዋጥ ይሳናል። በዚህን ጊዜ ምግብና ምራቅ ወደ ጨጓራ በመውረድ ፈንታ የአፍን ጀርም ይዞ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያስነሣል። ከአልጋ የማይነሣ ሰው ደግሞ ሽንቱ በቀላሉ ይበከላል፥ ገላውም በመተኛት ብዛት ይቆስላል። እንግዲህ «ብርድ መታቸው» ብሎ ብርዱን ብቻ መክሰስ እውነተኛውን ምክንያት ይሸፍናል።

ምልክቱ

በሽተኛው ሕመማቸውን መናገር አይችሉም፤ ትኩሳትም ሁልጊዜ አይታይም። ትናንት ጉርሻ ይቀበሉ የነበሩት ዛሬ አፋቸውን ቢገጥሙ፥ ድንገት ቢፈዙ ወይም እንቅልፍ ቢያበዙ፥ ከልማዳቸው ውጭ ቢቃዡ፥ ሲሸኑም ቢያቃስቱ፥ «ጅጅቱ ባሰባቸው» ብሎ መተው አይገባም። የመርሳት በሽታ በአብዛኛው በወራትና በዓመታት ይብሳል እንጂ ሰውን በአንድ ሌሊት አይለውጥምና። ዐርፈው ሳሉ ትንፋሻቸው ይቈጠር፤ በአንድ ደቂቃ ከ25 በላይ ከሆነ ሳንባቸው መታመሙን ያጠራጥራል። እንዲህ ሲሆን ሳይዘገይ የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

አስታማሚው የሚፈጽመው

1ኛ/ ራሳቸውን ከፍ አድርጎ በትራስ ማስደገፍ። ተኝተው ሳሉ ውሃም ሆነ አጥሚት ወይም ጠበል በአፋቸው ማፍሰስ ብርቱ አደጋ አለው፤ ትን ብሏቸው ወደ ሳንባ ይገባልና።

2ኛ/ ነቅተው ሳሉ ብቻ፥ የመጀመሪያውን መዋጣቸውን እያዩ በትንሽ ማንኪያ ማጉረስ። እንቢ ካሉ አለማስገደድ። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብለው እንዲቆዩ ማድረግ።

3ኛ/ ጥዋትና ማታ ጥርሳቸውንና ምላሳቸውን ማጽዳት፤ እጅን በሳሙና ሳይታጠቡም አለመንካት።

4ኛ/ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ማገላበጥ፥ የረጠበውንም ልብስ ወዲያው መለወጥ።

5ኛ/ ካለፈው ሕመም የተረፈ ወይም ከጎረቤት የተገኘ ክኒን አለመስጠት። ጠበል መጠመቅም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው ምክር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት፥ በቦስተን አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ፥ በሽታው እጅግ የጸናባቸውን 323 ሰዎች ለ18 ወራት ተከታትሎ ነበር። ከመቶው 41 ያህሉ በሳንባ ምች ተያዙ፤ ከተያዙትም ግማሽ ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ሞቱ። በሚከተለው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናትም ጀርም ገዳይ መድኃኒት የእንዲህ ያሉትን በሽተኞች ዕድሜ ቢያራዝም ምቾታቸውን እንደማይጨምር አመለከተ።

ይህ አይታከሙ ማለት አይደለም። ብዙ የሽንት ሕመም በክኒን ይድናል፤ ቀላል የሳንባ ሕመምም በቤት ሊታከም ይችላል። ነገር ግን ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት ሐኪሙን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ሕክምናው ምን ያስገኝላቸዋል? በቤት ሊሰጥ ይችላልን? ጭንቃቸውን የሚያቀልላቸውስ ምንድር ነው? በሽታው መጨረሻ ደረጃ ደርሶ ከሆነ፥ የሕመም ማስታገሻ መስጠት፥ ከንፈራቸውን ማርጠብ፥ እጃቸውን ይዞ በለመዱት ድምፅ ማነጋገር ራሱ ሕክምና ነው። ወላጅን እንደ መተው ሊቈጠር አይገባም።

ምክሩ ግን ሕመሙ ሳይነሣ አስቀድሞ ይሁን። ሌሊቱን ነቅታ የምታስታምም እኅት አምበር ሳለች፥ አዲስ አበባ ያለው ወንድም «ለምን አልወሰድሻቸውም?» እያለ በስልክ ቢወቅሳት ሐዘኑ ለሁለቱም ይበዛል። ወንድምና እኅት፥ የንስሐ አባትም ባሉበት ተሰብስበው፥ ወላጃቸው ጤነኛ ሳሉ ምን ይወዱና ምን ይጠሉ እንደ ነበር አስታውሰው ይስማሙ። አስታማሚዋንም በየተራ ያሳርፏት። መምህራንም ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው እንዲያስረዱልን እንለምናለን።