ዳታውን ዝጉ፣ ስልኩን አትዝጉ

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ "ዶክተር፣ ስማርት ስልኬን ትቼ በተን ስልክ ብገዛ ይሻለኛል ወይ? ያለ እሱስ መኖር ይቻላል?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

መኖሩማ ይቻላል። እኛ ጎጃሞች ሞክረነዋል፣ ያውም ሳንወድ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማርቆስም፣ ደጀንም፣ ቢቸናም፣ ሞጣም ከመንፈቅ በላይ ያለ ዳታ ከርመናል። ስማርት ስልኩ ኪሳችን ውስጥ አለ፤ ግን ባትሪ፣ ካሜራና አላርም ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ጤናችን ተሻሻለ? አንዳንድ ሰው ያንን ጊዜ "የስልክ ፆም" ሲለው እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ፆም ወዶ የሚገቡበት ነው። መንገድ የወጣ ልጁ በሰላም ይግባ አይግባ ሳያውቅ የሚያድር አባት እንቅልፍ ያጣው በቲክቶክ አይደለም፣ ወሬ በማጣት ነው። ውጭ አገር ያለችው እህትም ቪዲዮ ከፍታ የእናቷን ፊት ማየት አልቻለችም። እኛ ሐኪሞችም ራጅ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ለስፔሻሊስት ልከን "ምን ትላለህ?" የምንልበት መንገድ ቀርቶብናል። ስለዚህ ስልክ ጎጂ ነው፣ ጣሉት የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ።

ግን ያ ጊዜ አንድ ነገር ለይቶ አሳይቶናል። የቤተሰብ ድምፅና ፊት የናፈቀው ብዙ ነው፤ "ያኔ ያመለጡኝ ቪዲዮዎች" ብሎ የሚቆጭ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እናንተስ?

ለሕይወት የግድ የሚያስፈልጉን አብዛኞቹ ነገሮች ደግሞ ዳታ አይፈልጉም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 በተን ስልክም ይደውላል። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ አላርም ያለ ኢንተርኔት ይጮኻል። ቴሌብርም በ*127# ይሠራል።

ሰውነታችንን የሚጎዳው በአብዛኛው ሌላኛው ክፍል ነው፣ ያ ማለቂያ የሌለው በጣት መግፋት። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እንቅልፍ ነው። የስክሪን ብርሃን ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያዘገያል። በእኔ እይታ ግን ከብርሃኑ ይልቅ የሚብሰው የምታዩት ነገር ነው። የሚያናድድ፣ የሚያስደነግጥ ወይም የሚያስቅ ነገር አእምሮን ያነቃል፤ "አንድ ብቻ ልይ" ሲባል ሰባት ሰዓት ይሆናል፤ ጠዋት ደግሞ ራስ ምታት ነው። አእምሮ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው ጣት የማይቆመው፤ ሎተሪ እንደ መፋቅ ነው።

አንገትም አለ። ጭንቅላታችን ቀና ሲል 5 ኪሎ ገደማ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ሞዴል በተሠራ ስሌት 60 ዲግሪ ስናጎነብስ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። ሩብ ኩንታል ጤፍ ተሸክማችሁ ፌስቡክ እንደማየት ነው! ስልኩን ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉት። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ስለማንርገበገብ ዓይን ይደርቃል፤ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ።

ወላጆች "ልጄ የስልክ ሱሰኛ ሆነ" ብላችሁ ትመጣላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ዝርዝር ያካተተው የጌም ሱስን ነው እንጂ "የስልክ ሱስ" የሚባል ምርመራ የለውም። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንደሚያይ አይደለም። አቁም ሲሉት ማቆም ያቅተዋል? ትምህርቱን፣ ምግቡን፣ ጓደኞቹን ትቶለታል? እየጎዳው መሆኑን እያወቀ ይቀጥላል? ይህ ዓመት ያህል ከቆየ ቁም ነገር ነው። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ግን ምክሩ ግልጽ ነው፦ በቀን ከ1 ሰዓት ስክሪን አይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ከዚያ በታች ላሉ፣ በተለይ ዓመት ላልሞላቸው፣ ጭራሽ አይስጧቸው። (ምግብ ለማብላት ብላችሁ የምትከፍቱትም ይቆጠራል፣ እሺ?)

አሁን ማታ ማታ የምታደርጉትን ልንገራችሁ። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ዳታውን ዝጉ። ስልኩን ግን አትዝጉ። ነፍሰ ጡር ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት፣ ልጁ መንገድ ላይ ያለ ሰው፣ ተረኛ ሠራተኛ ሁሉ ሌሊት ሊደወልለት ይችላል። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ከአልጋው ራቅ አድርጉት፤ ሲደወል ተነሥታችሁ ታነሣላችሁ። "አላርም ስለሚያስፈልገኝ ነው ትራስ ሥር የማደርገው" የምትሉ፣ አላርሙ ከበር አጠገብም ይሰማል። እንዲያውም ለማጥፋት ስትነሡ በዚያው ትነቃላችሁ።

ይህን ሁለት ሦስት ሳምንት ሞክራችሁ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ወይም የአንገት ሕመሙ ወደ ክንድ እየወረደ እጅ ካደነዘዘ ወይም ካደከመ፣ ሐኪም ይያችሁ። ባለፉት ዓመታት ባያችሁት ወይም በደረሰባችሁ ነገር ምክንያት ሌሊት እየባነናችሁ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን ስልኩ ላይ አትጣሉት። ያ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው፤ አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ እንዳለ ንገሯቸው።