የ12ኛ ክፍል ተማሪ አስጠኚ ያስፈልገዋልን?

የብሔራዊ ፈተና ወራት በቀረበ ቁጥር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለልጁ አስጠኚ እንቅጠርለት ወይስ ይቅር?» የሚል ነው። በአንዳንዱ ቤት ለዚህ ሲባል ከቀለብ ላይ ይቀነሳል፤ የታናናሾቹ ጫማም ለከርሞ ይተላለፋል። ስለዚህ «ትምህርት ምን ጊዜም ይጠቅማል» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። እኔም በዚሁ ሥራ የኪስ ገንዘብ ሳገኝ የቆየሁ በመሆኔ፥ የምጽፈው በከፊል በራሴ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለሚጠቅምበት ጊዜ ልናገር። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በፊዚክስ ደጋግሞ ይወድቅ ነበር። ቤተሰቡ «ፊዚክስ አይገባውም» ብለው ተስፋ ቈርጠዋል። ልጁ ግን ቀመሮቹን እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣቸዋል። አንድ ቀን፥ ከቆመበት የተነሣ መኪና ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ2 ሜትር በሴኮንድ እየጨመረ ለ5 ሴኮንድ ቢጓዝ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል? የሚል ጥያቄ ሰጠሁት። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ስታርትስ ፍሮም ሬስት» ይላል። ልጁ ብዙ ካሰበ በኋላ «ቲቸር፥ የመነሻው ፍጥነት እኮ አልተሰጠም» አለኝ። ለካስ «ሬስት» የሚለውን ዕረፍት ብሎ ተርጕሞ፥ ሾፌሩ ዐርፎ መነሣቱን የሚነግረን ትርፍ ወሬ መስሎታል! ከቆመበት ተነሣ ማለት የመነሻው ፍጥነት ዜሮ ነው ማለት እንደ ሆነ ስነግረው፥ 25 ሜትር የሚለውን መልስ ወዲያው አወጣው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዚህ ልጅ ችግር ፊዚክስ አልነበረም። ስድሳ ተማሪ ፊት የቆመ መምህር ወረቀቱ ላይ የሚያየው ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶው ቦታ ከምን እንደ መጣ ለማየት ጊዜ የለውም። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ግን ያያል። ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ያሉትን ቃላት በአንድ ደብተር ላይ እየለቀምን ጻፍን፤ ክፍልፋይም ያስቸግረው ስለ ነበር ወደ 7ኛ ክፍል ሒሳብ ተመለስን። (መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ የታናሽ እኅቱን መጽሐፍ መዋስ ነበረበትና።) ከሁለት ወር በኋላ እኔ አላስፈለግሁትም።

ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፥ ለብቻው እየተረዳ የተማረ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 ከመቶ ያህሉን እንደሚበልጥ ገልጾ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት ከዚህ ያነሰ ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው የጽሑፉ ክፍል ነው። በተራ ክፍል ውስጥ እንኳ በየጊዜው እየተፈተኑ፥ ስሕተታቸውን እያረሙ የተማሩት ከ84 ከመቶው በልጠው ተገኝተዋል። አስጠኚ ሳይኖር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተማሪዬ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን በሳምንት አራት ቀን እሄድ ነበር። ስደርስ ወርክሺቱን ይዘረጋል፤ እኔ እሠራለሁ፤ እርሱ ራሱን እየነቀነቀ «ገባኝ» ይላል፤ ከዚያ ይገለብጣል። እናቱ ሻይና ዳቦ ይዘው ገብተው «አንተ ከመጣህ ወዲህ የቤት ሥራው ሁሉ ራይት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ይሉኛል። ራይት የተደረገው የእኔ ሥራ እንደ ሆነ ዐውቅ ነበር። አልተናገርኩም፤ የወሩ መጨረሻ ቀርቦ ነበርና። ቀጥሎም ሌላ ወር መጣ። በፈተናው ቀን አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም፤ 50 ከመቶ አላመጣም። ገንዘቡ ግን ታክሲ ተሳፍሬበት፥ መጽሐፍ ገዝቼበት አልቋል።

እንደሚታወቀው ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየተወሰዱ መፈተን ጀመሩ። በዚያ ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በእያንዳንዱ ዓመት ከ1,000 በላይ ነበሩ። ይህን ያህል ወጣት የወደቀው አስጠኚ ስላጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ከታች ክፍል ጀምሮ ያልተጣለ መሠረት አለ። በፈተናው ዋዜማ በሦስት ወር አስጠኚ የሚሞላም አይደለም። ጊዜው ካለ ገንዘቡ የሚሻለው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ነው።

ለወላጆች የምለው ይህ ነው፦ የቤት ሥራውን ምልክት አትዩ። አስጠኚው በሄደ ማግስት ልጁ ደብተሩን ዘግቶ፥ ትናንት ያየውን ጥያቄ በባዶ ወረቀት ላይ ለብቻው ይሥራው። አንድ ወር ሙሉ ይህን ማድረግ ካልቻለ አስጠኚውን አሰናብቱ፤ እኔን ቢያሰናብቱኝ ኖሮ ደግ ባደረጉ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ለአራት ትምህርት አራት ሰው የሚቀጠርለት ልጅም አይቻለሁ፤ ለብቻው የሚያስብበት ሰዓት አልተረፈለትም።

የሚከፈል የሌለው ደግሞ ምን ያድርግ? የአንዱ ደካማ ቦታ ለሌላው ብርቱ ቦታ ይሆናልና አራት አምስት ሆኖ መቀመጥ ይቻላል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እኔና ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሁለት ጓደኞቼ በሰንበት ት/ቤቱ አዳራሽ እንገኛለን። ክፍያ የለም። ኤክስ የበዛባቸውን የፈተና ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ራይቶቹን እቤት ተዉአቸው። እስክሪብቶውን የምትይዙት እናንተ ናችሁ።