ትንፋሽ ሲያጥር ልብንም እንጠይቅ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በመሆኑም በአካባቢው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ምክንያቱን ለከፍታው፣ ለዕድሜው ወይም ለምድጃ ጭስ ቢሰጥ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ እርሱም በተለምዶ «ደም ብዛት» የምንለው ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። ግፊቱ በልብ በኩል ወደ ሳንባ እንዴት እንደሚደርስ ቀጥለን እንመልከት።

ሁለት ፓምፖች

የቀኝ ልብ ደምን ወደ ሳንባ፣ የግራ ልብ ደግሞ ወደ ቀሪው አካል ይገፋል። ጤነኛ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ ሁለቱም በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይረጫሉ። ግፊታቸው ግን ይለያያል፤ በክንድ ላይ የሚለካው 120 በ80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው 25 በ10 አካባቢ ነው።

የልብ ለውጥ

በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ከፍተኛ ይባላል። «ደም ብዛት» የሚለው ስያሜ ደም የተትረፈረፈ ያስመስላል እንጂ፣ በአብዛኛው ዋናው ችግር የትናንሽ ደም ቅዳዎች መጥበብ ነው። የግራ ልብ ይህን ተቃውሞ ለማሸነፍ ግድግዳውን ያወፍራል። መላው ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የወፈረው ግድግዳ ይደድርና በሁለት ምቶች መካከል ዘና ብሎ ደም መቀበል ይሳነዋል።

የሳንባ ድርሻ

ከሳንባ የሚመለሰው ደም የሚገባው ወደዚሁ የደደረ ልብ ነው። መግቢያው ሲከብደው ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በሳንባ ቀጫጭን ደም ስሮች ውስጥ ይጨምራል። ከልክ ሲያልፍም ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሕዋሳት መካከል ይሰርጋል፤ ሳንባውም እንደ ልብ አይለጠጥም።

ይህን ለመለካት ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን በ1846 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ስፓይሮሜትር ነው። ተመርማሪው አየር በሙሉ ስቦ በኃይል ሲተነፍስ፣ ጠቅላላው መጠንና በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ይመዘገባሉ። ጭስ የአየር ቧንቧዎችን ካጠበበ የመጀመሪያው ሰከንድ ድርሻ ከ70 በመቶ በታች ይወርዳል። ልብ ያጨናነቀው ሳንባ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም መጠኖች አብረው ስለሚቀንሱ ድርሻው እምብዛም አይለወጥም። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ሊደረቡ ስለሚችሉ፣ የልብ ግድግዳን ውፍረት በአልትራሳውንድ ማየትም ያስፈልጋል።

ከፍታው ብቻ ነውን?

በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ሙሌቱ 95 በመቶ ያህል ነበር። ስለዚህ ትናንት በቀላሉ ይወጣው የነበረው ዳገት ዛሬ የከበደው የደጋ ሰው በከፍታው ብቻ ሊያመካኝ አይገባም።

ከፍተኛ የደም ግፊት ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። በምድጃ ዳር ለኖረች እናት «ጭሱ ነው» ተብሎ ግፊቷ ሳይለካ ቢቀር፣ ልቧ በዝምታ ይወፍራል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ጨው በመቀነስና መድኃኒትን ሳያቋርጡ በመውሰድ ግፊቱን መቆጣጠር፣ የወፈረውንም ግድግዳ በከፊል መመለስ ይቻላል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ በጀርባ ተኝቶ መታፈን ወይም የእግር እብጠት ሲታይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፤ ሳንባ ሲመረመር የደም ግፊትም ይለካ እንላለን።