ደንገጎን ለሚወርድ መኪና ብረት ለምትቆርጥ ልጄ

ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት ከሐረር ሸዋ በር ውጭ የተከራየሃትን ጋራዥ ካየሁ ወዲህ ሐሳቤ እዚያው ቀርቷል። ጥጉ ላይ በሸራ የሸፈንከውን አሮጌ ሚሊንግ ማሽን ገልጬ እጄን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ፣ ከዝገቱ ሥር ገና ያልሞተ ደህና ብረት እንዳለ ተሰማኝ። በቁርጥራጭ ዋጋ አግኝተኸዋል፤ ደግ አደረግህ። ጀጎል ግንብ ውስጥ አለመከራየትህም ትክክል ነው፤ አንድ ቶን የሚመዝን ማሽን በእነዚያ ጠባብ መተላለፊያዎች አይገባም። በእሱ የፔጆ ቡሽ፣ የአይሱዙ ባሌስትራ ማንጠልጠያና ሌላም ልትሠራ እንዳሰብክ ነግረኸኛል። እኔ ዕድሜዬን በቶርኖና በሚሊንግ ፊት ቆሜ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን በቁጥር አድርጌ ጻፍኩልህ፤ እንደ አባት ምክር ያዝልኝ።

1. የምትሠራው ዕቃ ሰው እንደሚሸከም አትርሳ።

ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ደንገጎ ሲደርስ ግን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ከአወዳይ ጫት የጫነው አይሱዙም፣ ከሐረር ተሳፋሪ የያዘው ሚኒባስም እዚያ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይገፋል። በአይሱዙው ያንን የሚችሉት የፊት ባሌስትራው፣ ፒኑ፣ ቡሹና ብሎኑ ናቸው። የበር ማጠፊያ ብታበላሽ በሩ ይንጋደዳል፤ ከዚያ አያልፍም። የባሌስትራ ፒን ከተቆረጠ ግን አክስሉ ከቦታው ይሸሻል፣ መሪውም ለሾፌሩ አይታዘዝም። ደንበኛ «ቶሎ በል» ሲልህ ይህን እያሰብክ መልስለት።

2. ማሽኑን ሳታርም ሌላ ነገር አታርም።

መጀመሪያ ቀለም መቀባት ያምርሃል፤ ተው፣ ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሣ። የፈታኸውን ብሎን እንደየቦታው በተለያየ ጣሳ አስቀምጥ። በክፍሎቹ መካከል ስስ ቆርቆሮ ተነጥፎ ካገኘህ እንዳትጥለው፤ የቀድሞው ባለሙያ አስልቶ ያስገባው ነውና የት እንደነበረ ጻፍ። የደረቀውን ቅባት በነጭ ጋዝ አርሰህ አሳድረውና በእንጨት ፋቀው። ጠረጴዛው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ግን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው። ከወረቀቱ የሚረግፈው ደቃቅ አሸዋ ሐዲዱ ላይ ተሰክቶ ይቀርና ማሽኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን በራሱ ይሞርዳል።

ከዚያ የእጅ መዘውሩን ያዝ። ወደ ቀኝ አዙረህ ጠረጴዛው ሲንቀሳቀስ አቁም፤ አሁን ቀስ ብለህ ወደ ግራ መልስ። እጅህ እየዞረ ጠረጴዛው ዝም ካለ ያ ባዶ ዙር የረጅሙ ብሎንና የዳዶው ጥርስ የተበላበት ልክ ነው። በአንድ ሙሉ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ማሽን ሩብ ዙር በባዶ ከዞረ 1.25 ሚሊ ሜትር ልቅነት አለው ማለት ነው። ዳዶውን እስክትቀይር ድረስ ቁጥሩን ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እየገፋህ አንብብ። መቁረጫው ዕቃውን ወደ ራሱ እየጎተተ እንዲበላም አታድርግ፤ ልቅ ጠረጴዛ በድንገት ተመንጭቆ ይሄዳል፣ መቁረጫው ይሰበራል፣ ዕቃውም ከሞርሳው ይነቀላል። ዕቃው ሁልጊዜ መቁረጫውን እየተቃረነ ይምጣ።

የሐዲዱ አበላል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሰው ሁሉ የሚሠራው ጠረጴዛው መካከል ላይ ስለሆነ መካከሉ ይበላል፣ ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ይቀራል። ማጥበቂያውን መካከል ላይ ሆነህ ልክ ካደረግኸው ጠረጴዛው ዳር ሲደርስ ይነክሳል። ስለዚህ ዳር ላይ ሆነህ ልክ አድርገው፤ መካከል ላይ የሚቀረውን ልቅነት የማትጠቀምበትን አቅጣጫ በመቆለፊያው እየቆለፍክ ቻለው። ሐዲዱን ፍቆ ማስተካከልም ይቻላል፦ ቀጥ ያለ ማመሳከሪያ ብረት ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ፣ ሐዲዱ ላይ አሽቶ፣ ቀለሙ የነካውን ከፍ ያለ ቦታ ብቻ በእጅ መፋቅ ነው። የሳምንታት ሥራ ነው። ማመሳከሪያው ሳይኖርህ እንዳትጀምረው፤ ያለውንም ታጣለህ።

በመጨረሻ የማሽኑን ራስ መርምር። ባለ ቀስት መለኪያውን መቁረጫው በሚታሰርበት ቦታ ላይ አስረህ ጠረጴዛው ላይ ክብ እየሠራ እንዲዞር በእጅህ አዙረው። በ20 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ የግራና የቀኙ ልዩነት ከ0.02 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ለእኛ ሥራ ይበቃል። ከበለጠ የምትበሳው ቀዳዳ ያጋድላል፤ ያጋደለ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ቡሽ ደግሞ በአንድ ጎኑ ብቻ ይበላል። ያን ጊዜ ደንበኛህ «ቡሹ ቀሽም ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የማሽኑ ራስ ነበር።

3. ድሬዳዋ ውረድና የባቡሩን ሰዎች ጠይቅ።

የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች መስመሩ በሥሯ አለፈ፤ አዲሲቱም ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ለባቡሩ ጥገና የተቋቋመው ወርክሾፕ በእኔ ዓይን ለምሥራቁ አገር የብረት ሥራ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሠሩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ቡና ጋብዘህ፣ ዝቅ ብለህ ጠይቃቸው፤ በየትኛውም መጽሐፍ የማታገኘውን ይነግሩሃል።

4. ፔጆ 404ን ሌላ መኪና ልታደርገው አትሞክር።

በእኛ ከተማ ታክሲ ሲባል ለብዙ ዘመን ፔጆ 404 ነበር። ዛሬ ባጃጅ ቦታውን ቢወስድበትም የቀሩት አሁንም ይሠራሉ። ፈረንሳይ ውስጥ የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው ይኸው መኪና ነው። ኬንያና ታንዛኒያ ጭቃ ውስጥ ያን ያህል ያስቻለው ግትርነቱ አይደለም፤ ሞላዎቹ ለስላሶች ናቸው፣ ጎማው ረጅም ርቀት ወጥቶ ይወርዳል፣ አሞርዛተሩ ደግሞ ያን ያረጋጋዋል። ብዙ ሰው «ከፍ ይበልልኝ» ብሎ ከሌላ መኪና የተቆረጠ ጠንካራ ሞላ ያስገባበታል። መኪናው ከፍ ይላል፤ ጎማው ግን ኮረኮንች ላይ መሬት መልቀቅ ይጀምራል፣ ድንጋጤው ሁሉ ወደ አካሉ ይወጣል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል። ትክክለኛውን ቁመት የጠፋውን ቡሽና ያለቀውን አሞርዛተር በመመለስ ፈልገው።

አንድ ነገር ላስጨብጥህ። የጎማ ቡሽ ያለበትን ማንኛውንም ብሎን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቀው። የጎማ ቡሽ የሚሠራው እየተጠመዘዘ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መሬት ሲወርድ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይቆማል፣ በጥቂት ወርም ይቀደዳል። ብሎኑን አስገባ፣ መኪናውን በጎማው አቁም፣ ከዚያ ሥሩ ገብተህ አጥብቅ።

5. የነሐስ ቡሽ ስትሠራ ቸኩለህ የውስጡን ልክ አትጨርስ።

35 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀዳዳ የቡሹን የውጭ ልክ በ0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ አስበልጠው፤ በመዶሻ ሳትመታ በረጅም ብሎንና በወፍራም ሮንዴላ እየሳብክ አስገባው። ተጨንቆ ሲገባ ውስጡ ይጠባል። ስለዚህ ውስጡን አንድ ሁለት አሥረኛ ሚሊ አጥብበህ ተውና ከገባ በኋላ ጨርሰው። ለ25 ሚሊ ሜትር ፒን 0.05 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለግሪሱ ይበቃል። የግሪሱ ቦይ ከግሪስ መንፊያው ቀዳዳ ጋር ይግጠም፤ እስከ ቡሹ ጠርዝ ድረስ ግን አይውጣ፤ ከወጣ ግሪሱ ሾልኮ ይጠፋል፣ አቧራ በእሱ ይገባል። ፒኑ ምንጊዜም ከቡሹ ይጠንክር፤ መበላት ያለበት ርካሹ ነው።

6. ባሌስትራ ስታጠነክር ስብራቱ ወደሚቀጥለው ደካማ ቦታ እንደሚሄድ እወቅ።

ይህን በራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁ። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል የተሠራለት አንድ ቅጥቅጥ ኋላው ተቀምጦ መጣልኝ። ባለቤቱ «አጠንክረው» አለኝ፤ ሁለት ቅጠል ጨመርኩበት። መኪናው ቀና አለ፣ ሁለታችንም ደስ አለን። ከሁለት ወር በኋላ ከባቢሌ ሲመለስ የባሌስትራው ማንጠልጠያ ከሻንሲው ተገነጠለና መንገድ ላይ ቆመ። ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሄጄ ሥሩ ስገባ ስንጥቁ የጀመረው እኔ ባልነካሁት ቦታ ነበር። ባሌስትራው መታጠፍ ሲያቅተው የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ሻንሲው ተቀበለው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ተመሳሳይ ቅጠል ስትጨምር ጥንካሬው በቅጠሉ ቁጥር ልክ ይጨምራል። ውፍረት ስትጨምር ግን ጭማሪው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ በ10 ሚሊ ሜትር ቅጠል ፈንታ 12 ብታስገባ ያ ቅጠል ከ70 በመቶ በላይ ይገትራል። ዓይን 2 ሚሊ ብቻ ያያል።

ከአውሮፓ ድረስ ቤታቸውን በመኪና ላይ ጭነው የሚመጡ እንግዶችም ታያለህ፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ ጋኑ ሁሉ ላዩ ላይ ነው። የእነሱና የቅጥቅጡ ችግር አንድ ነው። የጭነት መኪና ሲያራግፍ ባሌስትራው ያርፋል፤ ቤት የተሠራበት መኪና ግን ቆሞም ቢሆን እንደተጫነ ነው፣ ብረቱ አያርፍም፣ ቀስ በቀስ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣልህ ቅጠል ከመፈለግህ በፊት የፊቱንና የኋላውን ክብደት ለየብቻ አስመዝን። ሊወርድ የሚችል ዕቃ ይውረድ፤ ከባዱ ዕቃ፣ በተለይ ውሃው፣ ከኋላ አክስል ጀርባ ተነሥቶ ወደ መካከል ይምጣ። ከዚያ በኋላም ካልበቃ ቅጠል ጨምር፤ ማንጠልጠያውንም አብረህ አጠንክር። ሻንሲውን ስትበሳ የቆመውን ጎኑን ብቻ ብሳ፤ የላይና የታች ከንፈሩን እንዳትነካ፤ ዋናውን ጭነት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

7. ባሌስትራ አይበየድም። የበየደልህ ሰው ካለ ውለታ አልዋለልህም። ሙቀቱ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ይሰርዘዋል፣ በብየዳው ጎን ይሰበራል። ሌላ ነገር ስትበይድም የብየዳውን መሬት ሽቦ ባሌስትራ ላይ አትሰር፤ የምትዘል ብልጭታ የምትተዋት ነጥብ የስንጥቅ መጀመሪያ ትሆናለች።

8. ሰውነትህን ጠብቅ።

ሽርጥ ለብሰህ፣ ጋቢ ወይም ሻርፕ አንጠልጥለህ፣ ጓንት አጥልቀህ ወይም ቀለበት አድርገህ የሚዞር ማሽን ፊት አትቁም። ፍቅፋቂውን በብሩሽ ጥረግ፣ በእጅህ አትንካው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሣ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ አስገጥም፤ በእኛ አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጠህ ከሆነ ደግሞ የዚያን ቀን አትለካ፤ ጥዋት ለካ።

9. በሙያህ አትፈር።

ብረት ሠሪ «ቡዳ» እየተባለ የኖረበት አገር ነው ያለነው፤ ከጀጎል በሮች አንዱ ዛሬም ቡዳ በር ይባላል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ፤ የእጅ ብልሃት የነበራቸው ስንት ልጆች በእሱ ምክንያት ሞረድ ጥለው ሄዱ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል። መኪና ግርግር ወርደህ ልብስ ሰፊዎቹን ተመልከት። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቻቸው ድምፅ ነው፤ ሰውም በዚያ ድምፅ አያፍርም። የአንተም ማሽን ድምፅ እንዲያ ይሰማ።

10. የለካኸውን ሁሉ ጻፍ።

የፔጆ መለዋወጫ ከገበያ እየጠፋ ነው፤ ልኩን የሚያውቁ ሰዎችም እየሄዱ ነው። ያረጀ ፒን እጅህ ሲገባ ከመጣልህ በፊት ለካው፤ ስትለካም ያልተበላውን ቦታ ለካ፤ ከሮንዴላው ሥር ተሸሽጎ የኖረው ጫፍ የፋብሪካውን ልክ ይነግርሃል። የመኪናውን ዓይነት፣ የየትኛው ወገን እንደሆነና ቀኑን አብረህ ጻፍ። እኔ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ የለካሁት በሁለት ደብተር ውስጥ አለ፤ አንዱ ዘይት ጠጥቷል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ቅዳሜ ጥዋት ቤት ና፣ ቁጭ ብለህ ገልብጠው። ማይክሮሜትርህንም ይዘህ ና፤ ከእኔው ጋር እናመሳክረዋለን።