ሁለት ዓይነት የትርፍ ሒሳብ ስለ ማስታረቅ

የዘይት መጭመቂያ ባለቤት የዓመቱን ሒሳብ ሲያስመረምር፥ ሁለት ጸሓፊዎች ከአንድ መዝገብ ሁለት ልዩ ልዩ ትርፍ አውጥተው ሊያቀርቡለት ይችላሉ። ይህን ያየ ሰው ከሁለቱ አንደኛው አታሏል ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ነገር ግን ሁለቱም ያልተሳሳቱበት ጊዜ ስላለ፥ አስቀድሞ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ መመርመር ይገባል።

ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሥራው ጋራ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው፤ ይኸውም የኑጉና የጣሳው ዋጋ፥ የቀን ሠራተኛውም ክፍያ ነው። ሁለተኛው ብዙ ቢጨመቅ ጥቂት ቢጨመቅ የማይለወጥ ቋሚ ወጪ ነው፤ ይኸውም የመጭመቂያው ቤት ኪራይ፥ የመካኒኩና የዘበኛው ደመወዝ ነው። ክርክሩ በቋሚው ወጪ ላይ ነው። አንደኛው ጸሓፊ ጠቅላላውን ከዚያው ዓመት ትርፍ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ግን በተጨመቀው ዘይት ሁሉ ላይ ያካፍለዋል፤ ስለዚህ ያልተሸጠው ዘይት ድርሻውን ይዞ በዕቃ ቤት ይቈያል።

ለምሳሌ ቋሚው ወጪ በዓመት 12,000 ብር፥ የአንዱ ጣሳ ተለዋዋጭ ወጪ 30 ብር፥ መሸጫውም 50 ብር ነው እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 1,000 ጣሳ ተጨምቆ 800 ተሸጠ። በአንደኛው መንገድ ከእያንዳንዱ ጣሳ 20 ብር ተርፎ 16,000 ብር ይሆናል፤ 12,000 ሲቀነስ ትርፉ 4,000 ብር ነው። በሁለተኛው መንገድ ለያንዳንዱ ጣሳ 12 ብር ቋሚ ወጪ ስለሚደርሰው ወጪው 42 ብር፥ ትርፉ 8 ብር ነው፤ የ800ውም ትርፍ 6,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 2,400 ብር ነው፤ ያልተሸጠው 200 ጣሳ በ12 ብር ሲባዛ ይኸው ይገኛል።

በሁለተኛው ዓመት 1,000 ተጨምቆ 1,200 ቢሸጥ፥ በአንደኛው መንገድ 12,000፥ በሁለተኛው 9,600 ብር ይተርፋል። የሁለቱ ዓመት ትርፍ ሲደመር ግን በሁለቱም መንገድ 16,000 ብር ነው። እንግዲህ ልዩነቱ የጊዜ እንጂ የገንዘብ አይደለም።

አደጋው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሹሙ ከትርፍ ድርሻ የሚበላ ቢሆንና በመጀመሪያው ዓመት ገበያው 800 ብቻ ሲፈልግ 1,200 ጣሳ ቢያስጨምቅ፥ የአንዱ ጣሳ ቋሚ ወጪ ወደ 10 ብር ይወርዳል፤ በሁለተኛው መንገድ ትርፉ ከ6,400 ወደ 8,000 ብር ይወጣል። አንድ ጣሳ እንኳ ተጨማሪ አልተሸጠም፤ እንዲያውም 6,000 ብር ከካዝና ወጥቷል፤ ዘይቱም በዕቃ ቤት ሲቈይ ይበላሻል።

ስለ ክምችት የወጣው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ ቁጥር 2 ለውጭ ሰው በሚቀርብ ሒሳብ ሁለተኛውን መንገድ ያዝዛል፤ አንደኛው ለባለቤቱ የውስጥ ምክር ይጠቅማል። ስለዚህ መርማሪ ሁሉ ምን ያህል ተሠራ፥ ምን ያህል ተሸጠ፥ ምን ያህል ቀረ ብሎ ይጠይቅ፤ የቀረውንም በዓይኑ አይቶ ያስቈጥር። በመዝገብ የታየ ትርፍ ሁሉ በካዝና የገባ ገንዘብ አይደለምና።